ጣሪያ ላይ የቀረው ሰውዬ

ውድ እትዬ፣

ሰላምታውን እማዬ በስልክ ስታዘንብልሽ ሰምቻለሁና እኔ አልደግመውም። ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ያልሆነ ነገር ቢኖር የእኔ ሆድ ነው፤ እሱንም ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

«ቁርጡን ንገረኝ፤ ያን የልጅነት ጨዋታችንን በየትኛው አሴምብለር እንጨርሰው? በድሮው በካሴቱ ነው ወይስ ባለቤቴ ባመጣው?» ብለሽ የላክሽልኝን መልእክት ዝም ያልኩት ስላላየሁት አይደለም። እየደጋገምኩ አንብቤዋለሁ። በስልክ ብመልስልሽ ትስቂያለሽ፤ ስትስቂ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ነገሩ በሳቅ ተድበስብሶ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም።

እውነቱን ልንገርሽ? ቀናሁ። በባልሽ ቀናሁ። እህቴን ስላገባ አይደለም፤ ስታገቢውማ የጫማዬ ተረከዝ እስኪነቀል ነው የጨፈርኩት። የቀናሁት በአሴምብለሩ ነው። ይህን ለሰፈር ጓደኞቼ ብነግራቸው አንዳቸውም ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ባስረዳቸው ደግሞ ይብሳል። «በምን ቀናህ?» «አጫጭር ትእዛዝ ተቀብሎ ኮምፒውተር ወደሚገባው ቁጥር በሚቀይር ፕሮግራም።» በሉ እንግዲህ፣ ሐኪም ጥሩለት ይላሉ።

አንቺ ግን ይገባሻል። ያቺን ግራጫ ኮምፒውተር አንድ ደንበኛ ለጥገና አባባ ሱቅ አምጥቶ ሳይመለስ ሲቀር፣ አባባ «ባለቤቷ እስኪመጣ ተጫወቱባት» አለን። ባለቤቷ ይኸው እስካሁን አልመጣም። ከቴሌቪዥን ጋር ስናያይዛት የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን፣ አሴምብለሩ ያለበት ካሴት ሲጫን የሚሰማው ጩኸት፣ እማዬ ከጓዳ «ያን ጅብ አስወጡልኝ» የምትለው፣ ሁሉም ትዝ ይልሻል። ቁልፎቿ ጎማ ስለነበሩ ጠንከር አድርጎ ካልተጫኗቸው አይሰሙም። የአንቺ ጣት ቶሎ ስለሚደክም አሳቢዋ አንቺ፣ ጻፊው እኔ ሆንን። አንቺ በአባባ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የጻፍሽውን ታነቢያለሽ፣ እኔ እመታለሁ። መስመሩ ሲያልቅ በእርሳስ ጠረጴዛውን ኳ ታደርጊያለሽ፤ ኢንተር ማለት ነው። «ጣቴ፣ ና» ስትይኝ የጎረስኩት ሳይዋጥልኝ እሮጥ ነበር። ቤት ውስጥ ሌላ ስም ነበረኝ፤ እኔ ግን የምወደው ያንን ነው።

ከዚያ ቃላቶቻችን። ማሽኗ ከዘጠኝ በኋላ በፈረንጅ ፊደል ትቆጥራለች፤ ከኤ እስከ ኤፍ። አንቺ ስታነቢ ቢ እና ዲ እየተምታቱብኝ ስናለቅስ፣ ስም አወጣሽላቸው። ኤ አባባ፣ ቢ ብርቱካን፣ ሲ ሲኒ፣ ዲ ድመት፣ ኢ እማዬ፣ ኤፍ ፋኖስ። «ጫን፣ ሦስት ድመት። ኳ። ዝለል፣ ባዶ እማዬ። ኳ።» ሰው ቢሰማን ሁለት እብድ ልጆች ያሳደጉ ምስኪኖች ብሎ ለአባባና ለእማዬ ያዝንላቸው ነበር። ፋኖስ ፋኖስ ደግሞ የመጨረሻው ትልቁ ቁጥር ነው፤ በአንዲት የሜሞሪ ክፍል ውስጥ ከዚያ በላይ አይገባም። እማዬ በጣም ስትቆጣ «ፋኖስ ፋኖስ ደርሳለች፣ እንውጣ» ብለን በኋላ በር እንሸሽ አልነበር?

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ስደውልልሽ እጄ እርጥብ ነው ብለሽ ስፒከር ላይ አደረግሽኝ። ከበስተኋላሽ ባልሽ ለራሱ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። «ሦስት ድመት... ባዶ ሲኒ... ፋኖስ ፋኖስ» አለ። እትዬ፣ የያዝኩት ካቻቢቴ ከእጄ ወደቀ። አባባ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ነዘረኝ» አልኩት፤ ሶኬቱ እንኳን አልተሰካም ነበር።

አንቺን ወሰደሽ፣ ይውሰድሽ፤ የሰው ወግ ነው። የሳሎናችንን ቡናማ ሶፋ ወሰደ፣ ይውሰድ። ፋኖስን ግን ምን ስላደረገልሽ ነው የሰጠሽው? እኔ ለዚያች ቃል ስንት ጊዜ ኩርኩም ቀምሼባታለሁ። እሱ ቁጭ ብሎ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ እንደ ራሱ ንብረት «ፋኖስ ፋኖስ» ይላል። ያን ቀን ለደንበኛ የመለስኩት ስልክ ድምፁ በተቃራኒ በኩል ይወጣ ነበር፤ ገልብጬ ነው የገጠምኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጽፍልሽ ያሰብኩት ሌላ ደብዳቤ ነው። የካሴቱ አሴምብለር ለምን እንደሚበልጥ የሚያስረዳ፣ ቅናት የሚባል ነገር ያልነካው፣ የትልቅ ሰው ደብዳቤ። ክርክሩን በሆዴ አዘጋጅቼ ነበር። በካሴቱ ስንሠራ ማሽኗ ራሷ ነች የምትመልስልን። ብንሳሳት ትደርቃለች፤ አጥፍተን፣ አብርተን፣ ያን ጩኸት እንደገና ሰምተን ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ያን ስለምንፈራ እያንዳንዷን መስመር ሁለቴ አንብበን ነው የምናስኬደው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የባልሽ ላፕቶፕ ግን ገና ሳትጨርሺ ይቀይረዋል፤ የተሳሳትሽበትን መስመር በቀይ አስምሮ ያሳይሻል፤ ደግመሽ ትሞክሪያለሽ፣ ደግመሽ ትሞክሪያለሽ። ማሰብ ምን ያደርግልሻል? ደግሞ የሚሞክረው እውነተኛዋ ላይ እንኳን አይደለም። ኢሙሌተር የሚሉት፣ ላፕቶፑ ውስጥ ሆኖ የእኛን ማሽን መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ላይ ነው። በሆዴ «አስመሳዩ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ለፕሮግራሙ ይሁን ለባልሽ አላጣራሁም።

ይህን ሁሉ ልጽፍ እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። ሰውየው።

ያ የእኛ ሰውዬ፣ በጨዋታችን ውስጥ አንቴና የሚያስተካክለው። አባባን አይተን የሠራነው፤ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ፣ ከድመትና ከንፋስ እየሸሸ፣ ከታች የቤቱ ሰዎች «ተበላሸ፣ ወደ ግራ፣ አይ ወደ ቀኝ» እየጮሁበት። የመጨረሻውን ጣሪያ አንቴና አስተካክሎ የቴሌቪዥኑ ሥዕል ጥርት ሲል መሰላል ወጥቶለት ሊወርድ ነበር። አልተገባደደም። አሴምብለሩም፣ የጻፍነውም፣ ጨዋታውም በዚያችው በጠባቧ ሜሞሪ ነበር የሚኖሩት፤ በአንድ ክፍል ሦስት ቤተሰብ እንደማኖር። ስም አሳጠርን፣ ማስታወሻዎቻችንን አጠፋን፣ ከድመቶቹ ጭራ ቆረጥን። መሰላሉ አልገባ አለ። ከዚያ አንቺ ለትምህርት ሄድሽ፣ ሰውየው ጣሪያ ላይ ቀረ።

አባባ አሁንም አልተወንም። ዝናብ ሲዘንብ «ያ ሰውዬ እስካሁን ጣሪያ ላይ ነው? ጉንፋን ይይዘዋል እኮ» ይለኛል። ቀልዱ እየቆየ ሲሄድ ግን ድምፁ ውስጥ ሌላ ነገር ይሰማኛል። አሁን ዓይኑ ቀጫጭኑን ሽቦ አላይ ብሎታል፤ በወሩ መጨረሻ ሱቁን ይዘጋል። መደርደሪያው ተራቁቷል፤ የቀረው መስኮቱ አጠገብ ያለው ባለ ሳጥኑ ትልቅ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። «ሱቁ ሳይዘጋ ሰውየውን እናወርደዋለን» ብለሽ ቃል የገባሽለት አንቺ ነሽ። አጠገቡ ያለሁት እኔ ብሆንም ቃሉን የገባሽው አንቺ ነሽ። በዚህም ትንሽ ቀንቻለሁ፤ ካነሳሁት አይቀር።

የባልሽ አሴምብለር የሚኖረው ላፕቶፑ ውስጥ ስለሆነ ከጨዋታው ጋር ቦታ አይሻማም፤ በካሴቱ እንሥራ ማለት እንግዲህ ሰውየው እዚያው ይቅር ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ በካሴቱ ልልሽ ነበር። ቅናት ሰውን እዚህ ድረስ ያደርሰዋል።

ከዚያ ባልሽ የሠራውን ላክሽልኝ፤ «እውነተኛዋ ላይ ሞክርልን» ብለሽ። ከሰዓት ላይ ሱቁ ጭር ሲል ማሽኗን ካባባ ቴሌቪዥን ጋር አያያዝኳት። ከስልኬ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ገመድ አውጥቼ ካሴቱ በሚገባበት በኩል ሰካሁ፤ ያ ጩኸት ዛሬ ከስልክ ነው የሚወጣው፣ ለነገሩ አልተለወጠም። እየተጫነ ሳለ ምን ብዬ እንደተመኘሁ አልጽፍልሽም፤ ታውቂኛለሽ።

ምኞቴ ሰመረ። ጨዋታው ሲከፈት ጣሪያው በድመት ተሞልቷል። አንድ ሁለት ድመት እንዳይመስልሽ። ድመት በድመት ላይ፣ አንቴናው ጫፍ ላይ ድመት፣ ሰማዩ ላይ ድመት። ሰውየው ጭንቅላት የለውም፤ በጭንቅላቱ ቦታ የድመት ጆሮ አለ። እኔ ደግሞ ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁት። አስመሳዩ ሲነሳ ሜሞሪው ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ባዶ ባዶ። እውነተኛዋ ግን ስትበራ ያገኘችውን ይዛ ነው የምትነሳው። ባልሽ የድመቶቹን ቁጥር መጀመሪያ ባዶ አላደረገም፤ ባዶ ነው ብሎ ነው የጀመረው። እኛ ይህንን በልጅነታችን ነው የተማርነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ። እውነት እልሻለሁ፣ ከዚያ ቀን በፊት በሰው ስህተት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባባ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። ስክሪኑን አየ። «ይህን ሁሉ ድመት ማን ሊቀልበው ነው?» ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«የልጅህ ባል ሥራ ነው» አልኩት። «አየህ? በእሱ መሣሪያ አይሆንም።»

ሳቁን አቆመ። መነጽሩን አውርዶ አየኝ። «አንተ የጫንከው እንዲበላሽ ነበር እንዴ?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ በርጩማውን ስቦ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠና ድመቶቹን ሲያይ ቆየ። «ሰውየውስ የት ሄደ?» አለ ቆይቶ፣ ለራሱ ነው የሚመስለው። እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያም ሆኖ ቅናት ቶሎ አይሞትም። ስልኬን አንስቼ የደወልኩት ላንቺ ሳይሆን ለባልሽ ነው። ልመክረው አልነበረም፤ ልኮራበት ነበር። «ጤና ይስጥልኝ፣ ድመቶችህ ሱቃችንን ወረሩት» አልኩት።

«እኔ ጋ ግን ይሠራል» አለ።

«እኔ ጋ አይሠራም። እኔ ጋ ያለችው እውነተኛዋ ናት።»

ይናደዳል ብዬ ስጠብቅ በቀስታ ድምፅ «እሷ አጠገብህ የለችም አይደል?» አለኝ። «እሷ ያንተው ሚስት ናት፣ እኔ ጋ ምን ትሠራለች?» አልኩት። «እንዳትነግራት» አለኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ቃል ገባሁ፤ ይኸው እየነገርኩሽ ነው።

እንደነገረኝ መጀመሪያ ላፕቶፑን አላመጣም ነበር። ከገበያ ያገኛትን የዚያችን ማሽን ኪቦርድ ከቤታችሁ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ «አንብቢልኝ፣ እኔ ልጻፍ» አለሽ። አነበብሽለት። ቃላቶቹን አስተማርሽው። ከዚያ ምን ሆነ? «ፍጥነቷን አልችለውም» አለኝ። «ድመት ስትል ድመቱን እየፈለግሁ ሲኒው ያመልጠኛል። በቀለበቷ ጠረጴዛውን ኳ ታደርጋለች፤ እኔ ገና መሐል ነኝ። አትቆጣም። ‹ጣቴ ቢሆን እስካሁን ጨርሶት ነበር› ትላለች፣ እንዲሁ በፈገግታ። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደል። ሁልጊዜ ጣቴ፣ ጣቴ። እኔ ባሏ ነኝ፣ ወንድሜ፤ እኔን እኮ ‹ቀስ በል› ነው የምትለኝ።»

ላፕቶፑን ያመጣው ለዚያ ነው። አንባቢ የማይፈልግ፣ ከማንም ጋር የማያወዳድረው መሣሪያ ፈልጎ። ብቻውን ይጽፋል፣ አንቺ አጠገቡ ትቀመጫለሽ። «አሁን አታነብም» አለኝ። «ዝም ብላ ታያለች። ስህተቱ ቀነሰ፣ ሥራው ፈጠነ። ግን ቤቱ ጭር አለብኝ።» ፋኖስ ፋኖስ እያለ ሲያጉረመርም የሰማሁት ለካ ብቻውን ሲለማመድ ነው። በእኔ ቀንቶ።

ያኔ ምን እንደተሰማኝ በእኛ ቋንቋ ልንገርሽ። ፋኖስ ፋኖስ ላይ አንድ ሲጨመር ምን ይሆናል? ወደ ባዶ ባዶ ይመለሳል። የእኔ ቅናት ሞልቶ ጥግ ደርሶ ነበር፤ የእሱ ሲጨመርበት ተገለበጠ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። አባባ ከበርጩማው ላይ ሆኖ «ማን ነው?» ሲለኝ «አማችህ ነው» አልኩት፤ ከሠርጋችሁ ወዲህ አማች ብዬው አላውቅም ነበር።

«በል ላፕቶፕህን ክፈት» አልኩት። «አነብልሃለሁ።» የድመቶቹን ቁጥር ባዶ የሚያደርጉትን መስመሮች አነበብኩለት። ጫን፣ ባዶ ባዶ። አስቀምጥ። ሳላውቀው ጠረጴዛውን በካቻቢቴ ኳ አደርጋለሁ። ወደ ኋላ አልቀረም እትዬ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ግን ጎበዝ ነው፤ ከእኔ ጋር ፈጣን ነው። አንቺ ፊት ነው ጣቱ የሚተሳሰረው። ይህ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ካልገባሽ አላስረዳሽም።

መልሶ ላከልኝ፣ ጫንኩት። አንድ ድመት ብቻ፣ በቦታዋ። ሰውየው ጭንቅላቱን አገኘ፤ አባባ «እሰይ» አለ። ጣሪያዎቹን አልፎ መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ ሥዕሉ ጥርት አለ፤ ከታች ያሉት ዝም አሉ። ከዚያ ቆመ። መሰላሉ ገና አልተጻፈም። አባባ ጥቂት ጠብቆ ተነሳና «ያው ነው» ብሎ ሄደ።

ስለዚህ ቁርጡን ጠይቀሽኛል፣ ቁርጡ ይኸው። በባልሽ አሴምብለር እንሥራ። ሜሞሪው አይጠብም፣ ስም ማሳጠር የለም፣ የድመቶቹንም ጭራ እንመልስላቸዋለን። ካሴቱን አልጣልኩትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ማንም አይንካብኝ። አስመሳዩን ግን ብቻውን አንመነው፤ በየማታው የደረሳችሁበትን ላኩልኝ፣ እውነተኛዋ ላይ እኔ አየዋለሁ። ስህተት ባገኝ ደስ አይለኝም አልልሽም። ትንሽ ደስ ይለኛል። ግን ወዲያው እደውላለሁ።

አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። ላፕቶፑ አንባቢ አያስፈልገውም ይሆናል፤ ባልሽ ያስፈልገዋል። በደረሰኝ ጀርባ ጻፊና አንብቢለት። አዝግመሽ አንብቢለት። ድመት ብለሽ ትንፋሽ ውሰጂ፣ ከዚያ ኳ አድርጊ። ለእኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የምታደርጊልኝ፤ ረስተሽዋል። «ጣቴ ቢሆን» የምትለዋን ተያት። እንደዚያ እንደምትይ ሲነግረኝ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባልሽን እየበላች መሆኗን ካወቅሁ በኋላ ግን አልፈልጋትም።

ቅናቴ ባዶ ባዶ ሆነ ብል ግን ዋሸሁሽ። ቁጥሩ ሞልቶ ሲገለበጥ የምትተርፈውን አንዷን ታስታውሻለሽ፤ ማሽኗ ለብቻ የምትይዛትን። እሷ እኔም ጋ ተርፋለች፤ ምን እንደማደርጋት ልንገርሽ። ሱቁ የሚዘጋ ቀን ሁለታችሁም ኑ። መሰላሉን ሁሉ ጨርሳችሁ ኑ፤ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ፣ ሰውየው መሬት የሚረግጥባትን፣ አትጻፏት። አባባ በርጩማው ላይ ይቀመጥ። ላፕቶፑን ለእኔ ስጡኝ። አንቺ አጠገቤ ሆነሽ እንደ ድሮሽ በፍጥነት አንብቢልኝ፣ ጠረጴዛውንም ኳ አድርጊልኝ።

ባልሽ ቆሞ ይይ።

ጣትሽ